1787 ፊላዴልፊያ፦ አምስቱ አማራጮች ሲመዘኑ

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የተዘጋጀ ሰው ሁሉ 1787ን በቃሉ ያውቃል። «ሕገ መንግሥቱ መቼ ተጻፈ?» ሲሉት ሳያመነታ ይመልሳል፤ መነሻዎቹ ግዛቶች አሥራ ሦስት እንደነበሩም ያክላል። ፈታኙ የማያነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይበልጥ ያጓጓል። ከባሕር ማዶ የተጣለብንን ግብር አንከፍልም ብለው ስምንት ዓመት የተዋጉ ሰዎች፣ ሰላም ከወረደ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ግብር የሚጥል፣ ጦር የሚያቆምና ከግዛቶች ሕግ በላይ የሆነ ሕግ የሚያወጣ መንግሥት በገዛ እጃቸው ለምን አቆሙ?

«የድሮው ደካማ ስለነበረ» የሚለው መልስ ስህተት ባይሆንም ነገሩን ያሳንሰዋል። ከሰዎቹ ፊት የነበረው አንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ቢያንስ አምስት ነበሩ፤ እያንዳንዱም ከልቡ የሚደግፈው ሰው ነበረው። ስለዚህ ቤት ሊገዛ እንደሚዞር ሰው የእያንዳንዱን ግድግዳ እያንኳኳን እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በምን እንመዝን?

«ጠንካራ» እና «ደካማ» የሚሉት ቃላት ለመምረጥ አይጠቅሙም። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ማዕከሉ የሚያዘው ማንን ነው፤ ግዛቶችን ወይስ ግለሰቦችን? የታዘዘውስ እምቢ ቢል ምን ይደረጋል? በእኛ ቋንቋ በሚደረጉ ክርክሮች ኮንፌዴሬሽንና ፌዴሬሽን ብዙ ጊዜ ሲምታቱ እሰማለሁ፤ የሁለቱ ልዩነት ያለው እዚሁ ላይ ነው። ኮንፌዴሬሽን ለግዛቱ ደብዳቤ ይጽፋል። ፌዴሬሽን ደግሞ የሰውየውን በር ራሱ ያንኳኳል። ሌላው ሁሉ፣ የምክር ቤቱ ቁጥር፣ የፕሬዚዳንቱ ዘመን፣ የድምፁ ስሌት፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንደኛ፦ ባለበት ይቀጥል

ነባሩ የኮንፌዴሬሽን ውል በኮንግረስ የጸደቀው በ1777 ሲሆን፣ ሜሪላንድ ከሁሉም በኋላ ፈርማበት ሥራ ላይ የዋለው ማርች 1 ቀን 1781 ነው። ግዛቱ ትልቅም ሆነ ትንሽ አንድ ድምፅ አለው። ለከባድ ጉዳይ የዘጠኝ ግዛቶች፣ ውሉን ለማሻሻል ደግሞ የአሥራ ሦስቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ራሱን የቻለ አስፈጻሚ የለም። ኮንግረሱ ግብር መጣል አይችልም፤ ንግድንም አይቆጣጠርም። ገንዘብ ሲያስፈልገው ለየግዛቱ ድርሻውን ጽፎ ይልካል፤ የግዛቱ ምክር ቤት ከፈለገ ይሰበስባል፣ ካልፈለገ ይተዋል። መቀጮ የሌለው እድር ልንለው እንችላለን። ጥሩንባው ይነፋል፤ የሚመጣው ግን የፈቀደ ነው።

ይህን ውል ከንቱ ነበር ከሚሉት ጋር አልስማማም። ጦርነቱ የተጠናቀቀው፣ የ1783ቱ የፓሪስ ሰላምም የተፈረመው በእርሱ ሥር ነው። የምዕራቡን መሬት የሚሸነሽነው የ1785ቱ ድንጋጌ የእርሱ ሥራ ነው። ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን አዳዲስ ግዛቶች እንዴት እንደሚቋቋሙ የወሰነውና በዚያ ባርነትን የከለከለው የጁላይ 1787 ድንጋጌም የወጣው፣ ፊላዴልፊያ ላይ ውሉን የሚቀብሩት ሰዎች ተሰብስበው በነበሩበት ሰሞን ነው። መሬት ለመሸንሸን ጥሬ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ገንዘብና ክንድ የሚጠይቅ ጉዳይ ሲመጣ ነበር ውሉ የሚዝለው።

ገንዘቡን እንይ። ከ1781 እስከ 1786 ኮንግረስ ከግዛቶቹ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ የደረሰው ወደ 2.4 ሚሊዮን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ያተመው ወረቀት ገንዘብ እጅግ ከመርከሱ የተነሣ በ1780 ራሱ ኮንግረሱ አርባውን በአንድ ሒሳብ ቆጥሮታል። ለፈረንሳይ የሚከፈለው ወለድ በ1785 ተቋረጠ። ክንዱስ? በጁን 1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላዴልፊያ ላይ የኮንግረሱን መሰብሰቢያ ከበቡ። ኮንግረሱ የፔንሲልቬኒያ ባለሥልጣናት ሚሊሻ እንዲጠሩለት ለመነ፤ አልጠሩም። የአገሪቱ ከፍተኛ አካል ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ፕሪንስተን ሄደ፤ ከዚያ ወደ አናፖሊስ፣ ከዚያ ወደ ትሬንተን፣ በመጨረሻም ወደ ኒው ዮርክ። የራሱን በር የሚጠብቅለት ዘበኛ ከአከራዩ የሚለምን ተከራይ ሆኖ ነበር።

በ1783 መጨረሻ የባሰ ነገር መጣ። አገሪቱን ነጻ ያወጣው የሰላም ውል በስድስት ወር ውስጥ መጽደቅ ነበረበት፤ ለዚህም የዘጠኝ ግዛቶች ተወካዮች ያስፈልጉ ነበር። አናፖሊስ ላይ ለሳምንታት የተገኙት ሰባት ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 14 ቀን 1784 ለጥቂት ሞላ። ነጻነታቸውን የሚያጸድቅ ምልዓተ ጉባኤ ያጡ ሰዎች ብሎ ማሰብ ያስቃል፤ ለእነርሱ ግን ሳቅ አልነበረም።

ውጭ ያሉትም ይህን ያዩ ነበር። እንግሊዝ በውሉ መሠረት ልትለቃቸው የሚገቡ እንደ ዲትሮይትና ናያጋራ ያሉ ምሽጎችን አልለቀቀችም፤ ምክንያቷም አሜሪካውያን ለእንግሊዝ አበዳሪዎች ዕዳቸውን አልከፈሉም የሚል ነበር። ክሱ እውነት ነበረበት፤ ግዛቶቹ የዕዳ ክስ የሚያግድ ሕግ ሲያወጡ ኮንግረሱ የሚያስቆምበት መንገድ አልነበረውም። ስፔን በ1784 የታችኛውን ሚሲሲፒ ለአሜሪካ ጀልባዎች ዘጋች። በ1785 የአልጀርስ መርከበኞች ሁለት የአሜሪካ መርከቦችን ማርከው 21 ሰዎችን ወሰዱ። ማስለቀቂያ ገንዘብም ባሕር ኃይልም አልነበረም፤ በሕይወት የተረፉት አገራቸው የገቡት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ባለሀብቶቹን ያስደነገጠው ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ የተነሣው ነው። ግዛቲቱ የጦርነት ዕዳዋን ለመክፈል ከባድ ግብር ጣለች፤ ክፍያውም ገበሬው እጅ በማይገኝ ጠንካራ ገንዘብ ነበር። የዕዳ ሰነዶቹ ደግሞ በአብዛኛው ተጠራቅመው የነበሩት የባሕር ዳር ነጋዴዎች እጅ ነው። በኦገስት 1786 ገበሬዎች መሬታቸውን በዕዳ የሚያስሸጡባቸውን ፍርድ ቤቶች መዝጋት ጀመሩ። ከመሪዎቻቸው አንዱ የነጻነቱ ጦርነት ሻምበል ዳንኤል ሼይስ ነበር። በጃንዋሪ 1787 ስፕሪንግፊልድ ወዳለው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲገሠግሡ በመድፍ ተመቱ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ግምጃ ቤቱ የኮንግረስ ንብረት ነበር፤ የጠበቀው ግን የማሳቹሴትስ ሚሊሻ ነው። አመፁን ያጠፋው በቤንጃሚን ሊንከን የሚመራው ጦርም የተከፈለው ከቦስተን ነጋዴዎች በተዋጣ ገንዘብ ነበር። ለጆርጅ ዋሽንግተን የደረሱት ደብዳቤዎች አመፁን ከነበረው አግዝፈው ያቀርቡት ነበር፤ ያም ሆኖ ሰውየውን ከእርሻው አንቀሳቀሱት።

ሁለተኛ፦ አንድ ምሰሶ ብቻ ይቀየር

ይህ ርካሹ ጥገና ነው፤ እውነቱን ለመናገር በ1783 ብኖር እኔም ይህንኑ እመርጥ ነበር። ኮንግረሱ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ እንዲሰበስብ ይፈቀድለት፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። ሐሳቡ በ1781 ቀረበ፤ አሥራ ሁለት ግዛቶች ወደ መስማማቱ ሲቃረቡ ሮድ አይላንድ በ1782 እምቢ አለች። በ1790 ቆጠራ ወደ 69 ሺህ ሰው ብቻ የተገኘባት ግዛት ናት፤ ከጠቅላላው 3.9 ሚሊዮን ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። በ1783 ተሻሽሎ እንደገና ቀረበ፤ አሁን ደግሞ ኒው ዮርክ ገደለችው። ለምን እንደገደለችው ግልጽ ነው። ወደቧ ከራሷ አልፎ የጎረቤቶቿን ገበያ የሚያስተናግድ ስለነበር ቀረጡ ለራሷ ካዝና ይገባ ነበር። በፊላዴልፊያና በኒው ዮርክ ወደቦች መካከል የነበረችው ኒው ጀርሲ ከሁለት ጫፍ የሚቀዳ በርሜል ትመስል ነበር፤ ተናድዳም በ1786 መጀመሪያ «ኒው ዮርክ ካልተስማማች እኔም መዋጮዬን አልከፍልም» አለች።

የዚህ አማራጭ ጉድለት በይዘቱ አይደለም። ጥገናው የቤቱን ባለቤቶች ሁሉ ፊርማ ይጠይቃል፤ ጣራው ሲያፈስ የሚጠቀም አንድ ባለቤት ካለ ደግሞ ፊርማው አይገኝም። በሴፕቴምበር 1786 አናፖሊስ ላይ ስለ ንግድ ሊወያዩ የተጠሩት ግዛቶች አምስት ብቻ ተገኝተው፣ አሥራ ሁለቱ ተወካዮች በአሌክሳንደር ሃሚልተን እጅ የተጻፈ ሌላ ጥሪ አስተላልፈው የተበተኑት ለዚህ ነው። ፊላዴልፊያ የመጣችው ከዚያ ጥሪ ነው።

ሦስተኛ፦ የፓተርሰን ዕቅድ

የፊላዴልፊያው ጉባኤ በሜይ 25 ቀን 1787 በሮቹን ዘግቶ ጀመረ። ጁን 15 ላይ የኒው ጀርሲው ዊሊያም ፓተርሰን ያቀረበው ዕቅድ ላይ ላዩን ሲያዩት የሚማርክ ነው። አንድ ግዛት አንድ ድምፅ ይቀጥላል፤ ኮንግረሱ ግን ቀረጥ ይሰበስባል፣ ንግድ ይቆጣጠራል፣ አስፈጻሚና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይኖረዋል። የትናንሽ ግዛቶችን ሥጋት ያስወግዳል፤ ጉባኤው ከተሰጠው ሥልጣንም አያልፍም፤ የተጠሩት ውሉን ለማሻሻል እንጂ ለመተካት አልነበረምና።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ግን እዚህ ጋ ይነክሳል። ግዛቱ መዋጮውን ባይከፍልስ? ዕቅዱ በግዛቱ ላይ ጦር ማዝመትን ይፈቅዳል። ጦሩ ከየት ይመጣል? ከሌሎቹ ግዛቶች። ማለትም ፔንሲልቬኒያ ለቀረጥ ሲባል ሮድ አይላንድን ትወጋለች። የሚገርመው ይህ ሐሳብ በተቀናቃኙ በቨርጂኒያ ዕቅድ ውስጥም መጀመሪያ ገብቶ ነበር፤ የዕቅዱ ዋና አሳቢ ጄምስ ማዲሰን ሜይ 31 ላይ «ይህ ከቅጣት ይልቅ ጦርነት ማወጅን ይመስላል» በሚል መንፈስ ሐሳቡ ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍ ራሱ ጠየቀ። የኮነቲከቱ ኦሊቨር ኤልስዎርዝ በኋላ በግዛቱ ጉባኤ ላይ ነገሩን አጥርቶታል፦ ማስገደድ አይቀርም፤ ምርጫው በሕግ ነው ወይስ በጠመንጃ የሚለው ብቻ ነው። ሕግ አንድን ሰው ፍርድ ቤት ያቆማል። ግዛትን ማቆም የሚችል ችሎት ግን ከመድፍ በቀር የለም።

የፓተርሰን ዕቅድ ጁን 19 ወደቀ። ነገር ግን በውስጡ የኮንግረስ ሕግና የውጭ ስምምነቶች የበላይ ሕግ እንደሆኑና የግዛት ዳኞችም በዚያ እንደሚታሰሩ የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ ጉባኤው እርሱን አንሥቶ አሻሽሎ ወሰደው። ተሸናፊው ዕቅድ ለአሸናፊው ዋናውን ምሰሶ አበድሮታል።

አራተኛ፦ የማዲሰን ዕቅድ

ሜይ 29 የቀረበው የቨርጂኒያ ዕቅድ ቤቱን አፍርሶ ይሠራል። ሁለት ምክር ቤቶች፣ ሁለቱም በሕዝብ ብዛት ወይም በመዋጮ ልክ፤ አስፈጻሚ፤ ፍርድ ቤት፤ ኮንግረሱም የግዛቶችን ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኖረዋል። ማዲሰን ወደ ጉባኤው የመጣው የግዛቶችን በደል ዘርዝሮ ጽፎ ነው። የሚያስፈራው ከማዕከሉ መድከም በላይ በየግዛቱ የሚወጣው ሕግ ነበር፤ ዕዳን በረከሰ ወረቀት ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ውልን የሚያፈርስ፣ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሕግ። ሮድ አይላንድ በ1786 ያንኑ እያደረገች ነበር። ለቨርጂኒያ፣ ለፔንሲልቬኒያና ለማሳቹሴትስ ይህ ዕቅድ ጠቃሚ ነው፤ ለደላዌር ግን መዋጥ ነው።

ሃሚልተን ጁን 18 ቀኑን ሙሉ ተናግሮ ከዚህም አልፎ ሄደ፦ ዕድሜ ልኩን የሚቀመጥ አስፈጻሚ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሚቀመጡ ሴናተሮች፣ በማዕከሉ የሚሾሙ የግዛት ገዥዎች። ማንም አልተከተለውም። በገበያ ቋንቋ ግን አንድ ጥቅም ሰጠ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የማዲሰን ዋጋ መጠነኛ መሰለ።

አምስተኛ፦ መለያየት

በ1786 እና በ1787 ሰሜን፣ መካከለኛና ደቡብ ተብለው በሁለት ወይም በሦስት ኮንፌዴሬሽኖች ይከፈሉ የሚል ወሬ ነበር። ባሕሩን እንግሊዝ፣ ወንዙን ስፔን በያዙበት ጊዜ ይህን መምረጥ ከጎረቤት ጋር ጠብ መግዛት ነው። ብዙም አያቆየንም።

በመጨረሻ የተገዛው

አሸናፊው ከአምስቱ አንዱ አልነበረም። ጁላይ 16፣ በአምስት ለአራት ድምፅ ማሳቹሴትስ ተከፍላ፣ የኮነቲከት ሰዎች የገፉት ስምምነት አለፈ፦ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሴኔቱ በእኩልነት። ማዲሰን የግዛት ሕግ የመሻር ሥልጣኑን ተነጠቀ፤ በምትኩ ግዛቶች ወረቀት ገንዘብ እንዳያወጡና የውል ግዴታን የሚያፈርስ ሕግ እንዳይደነግጉ ተከለከሉ። ለሁለቱ ጥያቄዎቻችን የተሰጠው መልስ ግን የእርሱ ነው፤ ማዕከሉ ግለሰቡን ያዛል፣ እምቢ ያለውንም ፍርድ ቤት ያቆማል።

ዋጋው ላይ የተጻፈውን ደግሞ ሳናነብ አናልፍም። ለውክልና ስሌት በባርነት የተያዘ ሰው ሦስት አምስተኛ ሆኖ ተቆጠረ፤ ከአፍሪካ ባሪያ ማስገባት እስከ 1808 እንዳይከለከል ተደረገ፤ ያመለጠ ባሪያም ለባለቤቱ እንዲመለስ ተጻፈ። በ1790 ቆጠራ ወደ 700 ሺህ የሚደርሱት እነዚህ ሰዎች ከአምስቱ አማራጮች የቱም አልተሰጣቸውም። «አማራጭ» እያልኩ ስጽፍ ይህ ቃል ለእነርሱ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም።

ለማን የቱ ይሻላል?

የደላዌር ወይም የጆርጂያ ሰው ከሆኑ ያለ ብዙ ጭንቀት አዲሱን ይውሰዱ። የሴኔቱን እኩልነት ካገኘች በኋላ ደላዌር ዲሴምበር 7 ቀን 1787 ከሁሉ ቀድማ በ30 ለ0 አጸደቀች። ጆርጂያም በሙሉ ድምፅ ተከተለች፤ ከክሪክ ሕዝብ ጋር ጦርነት ይፈነዳል ብላ ትሠጋ ስለነበር ረዳት ያስፈልጋት ነበር። ስለ ማዕከል ሲወራ ትንንሾቹ ይፈራሉ የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም።

የፊላዴልፊያ ወይም የቦስተን መርከብ ሠሪ፣ ነጋዴ ወይም የዕዳ ሰነድ ያዥ ከሆኑ ምክር አያስፈልግዎትም። የኒው ዮርክ ሰው ከሆኑ ግን ቆም ይበሉ፤ ወደብዎ ወርቅ የሚያወጣልዎ በአሮጌው ቤት ነው። ግዛቲቱ በ30 ለ27 የተቀበለችው አሥር ግዛቶች ቀድመው ካጸደቁ በኋላ ብቻዋን እንዳትቀር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የኬንታኪ ሰፋሪ ምርጫ ይመስለኛል። እህልዎ ገበያ የሚደርሰው በሚሲሲፒ ብቻ ነው። በ1786 ሰባት የሰሜን ግዛቶች የወንዙን መብት ለሃያ አምስት ዓመት ለስፔን ትቶ የንግድ ስምምነት ለማግኘት ድምፅ ሰጥተው ነበር። ያዳነዎት ያ የተናቀው የዘጠኝ ድምፅ ደንብ ነው፤ ሰባት ዘጠኝ አልሞላም። ታዲያ ማዕከሉ ሲጠነክር ያው አብላጫ ወንዝዎን አይሸጥም ብለው እንዴት ያምናሉ? የውጭ ውል የሴኔቱን ሁለት ሦስተኛ እንዲጠይቅ የተደረገው ለዚህ ሥጋት ጭምር ነው፤ ያም ሆኖ ኬንታኪ ያኔ የቨርጂኒያ አካል ነበረችና በቨርጂኒያ ጉባኤ የኬንታኪ ተወካዮች አብዛኞቹ የተቃዋሚዎቹን መሪ ፓትሪክ ሄንሪን ተከትለው ተቃወሙ። ቨርጂኒያ በ89 ለ79 አጸደቀች። ሰፋሪዎቹ አልተሳሳቱም እላለሁ፤ በነበራቸው መረጃ እኔም እቃወም ነበር። ስፔን ወንዙን የከፈተችው በ1795 ውል ነው።

መብት የሚያሳስብዎት ከሆነ ደግሞ «አዎ» ከማለትዎ በፊት ይደራደሩ። የፊላዴልፊያው ጉባኤ የቨርጂኒያ ተወካይ ጆርጅ ሜሰን የመብቶች ዝርዝር ስለሌለበት አልፈርምም ብሎ ወጣ። ማሳቹሴትስ በ187 ለ168 ስታጸድቅ የማሻሻያ ሐሳብ አያይዛ ነው፤ ሌሎችም ያንኑ መንገድ ያዙ። አሥሩ ማሻሻያዎች በዲሴምበር 1791 የጸደቁት ተቃዋሚዎች ስላሸነፉ ሳይሆን ለጥቂት ስለተሸነፉ ነው።

የመጨረሻው ደንበኛ የምዕራብ ማሳቹሴትሱ ባለዕዳ ገበሬ ነው። የእርሱ ተወካዮች በብዛት ተቃወሙ፤ አመፁን የጨፈለቁት ሰዎች የሚያመሰግኑትን ሰነድ እንዴት ይውደድ? ይሁንና በ1790 የአዲሱ መንግሥት የገንዘብ ሚኒስትር የሆነው ሃሚልተን የግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ማዕከሉ እንዲረከብ አደረገ። በድርድሩ ዋና ከተማዋ ፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትሆን ለደቡቦቹ ተሰጠ፤ ዛሬ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን እዚያ የተቆረቆረችው በዚህ የዕዳ ገበያ ነው። ዕዳው ከትከሻቸው ሲወርድ ግዛቶቹ ቀጥተኛ ግብራቸውን በእጅጉ ቀነሱ። ካዝናውን የሞላው በወደብ የሚሰበሰበው ቀረጥ ነበር። የሼይስን ሰዎች ለአመፅ ያበቃቸው ግብር የቀለለላቸው በተቃወሙት መንግሥት ነው።

ቀረጡ ግን ብቻውን አልበቃም፤ በ1791 በውስኪ ላይ ግብር ተጣለ። ከአሌጌኒ ተራሮች ማዶ ያለው የፔንሲልቬኒያ ገበሬ እህሉን ተራራ የሚያሻግረው ውስኪ አድርጎ ነበር፤ ገንዘብ በሌለበት ቦታም ውስኪው ራሱ ገንዘብ ነው። በ1794 አመፁ ሲፈነዳ ዋሽንግተን ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሻ ጠርቶ የመንገዱን ግማሽ ራሱ በፈረስ አብሮ ሄደ። በዚህ ጊዜ ከነጋዴ የተዋጣ ገንዘብ አልነበረም፤ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ላይም የዘመተ የለም። የተያዙት ሰዎች በየስማቸው ፊላዴልፊያ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ሁለቱ በአገር ክህደት ተፈረደባቸው፤ ዋሽንግተን ሁለቱንም ማራቸው።